ግድግዳ የማትነካው ዘይነባ

እማዬ ክፉ ወሬ ይዛ ስትደውል መጀመሪያ ምሳ መብላቴን ትጠይቃለች። የዚያን ዕለትም ምሳ መብላቴን ጠየቀች፤ የመኝታ ሕንፃችን ውሃ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀች፤ ፈተና መቼ እንደሚጀመር ጠየቀች።

"ማን ነው የሞተው?" አልኳት።

"ዘይነባ ወደ አኼራ ሄደች" አለችኝ።

ደሴ፣ እህቷ ቤት ነው ያረፈችው። ኩላሊቷን ታማ ከሰነበተች በኋላ። ቀብሯም እዚያው ተፈጽሟል። እማዬ ለቀብሩ ደርሳ ተመልሳለች፤ ትምህርቴን ጥዬ እንዳልነሳ ብላ ነው እስከዚያ ቀን ያልነገረችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አቀማመጤን አስተዋልኩ። አልጋዬ ጫፍ ላይ፣ ጀርባዬን ከግድግዳው አርቄ ነበር የተቀመጥኩት። የክፍል ጓደኞቼ "ግድግዳው ይነክስሻል እንዴ?" እያሉ የሚቀልዱብኝ በዚህ ነው። ልማዱን ያስያዘችኝ እትዬ ዘይነባ ናት። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም በዚያው ማታ ነው። እንደሚገባት አድርጌ መጻፌን እንጃ፤ የማስታውሰውን ግን በጥንቃቄ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ከሚሴ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን ውስጥ ሰርቪሱን የተከራየችው እኔ የመጨረሻውን የአንደኛ ደረጃ ክፍል ስማር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። ሥራዋ የቆዩ ሕንፃዎችን፣ በተለይም የግድግዳ ሥዕል ያለባቸውን፣ መከታተል ነው። የመጣች ቀን ሻንጣዋን ሳታስገባ ክፍሉ መካከል ቆማ ዙሪያውን አየች። ከዚያ የእጇን ጀርባ ወደ ግድግዳው አስጠግታ፣ ሳታስነካው፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደች። ሽታም የምታሸት ይመስል ነበር። ቁም ሳጥኑ ጋ ስትደርስ ቆመችና ከኋላው ውሃ እንዳለ ተናገረች።

እማዬ ተቀየመች። ቤቷ ደረቅ እንደሆነ፣ ከእሷ በፊት ብዙ ሰው እንደተከራየው፣ ማንም እንዲህ ብሎ እንዳልሰደባት ነገረቻት። እትዬ ዘይነባ አልተከራከረችም። ቁም ሳጥኑን ስንስበው ግን ከጎረቤት መታጠቢያ ቤት በኩል የመጣው እርጥበት ልስኑን አሳብጦት አገኘነው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ለሰው ሁሉ "ያከራየሁት ለሐኪም ነው፤ ቤት የሚያክም ሐኪም" ትል ነበር።

አንቱ ስላት ትቆጣኝ ስለነበር አንቺ እያልኩ ነው ያደግኩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። አማርኛዋ የወሎ ነው፤ ኦሮምኛው ግን ይያዛት ስለነበር ሰላምታውን ብቻ አሳምራ ተምራ ነበር። "አካም ጅርቱ" ብላ ሽማግሌዎቹን ስታስደስት ቀጥለው የሚሏትን ደግሞ አትሰማም፤ ዞራ እማዬን ታያለች። የሰው ቤት ስትገባ እጆቿን ከኋላዋ ታጣምራለች። ሚኒባስ ውስጥ እንኳ መስኮቱን አትደገፍም። አንድ ነገር ባስቸገራት ቁጥር የምትለው አንድ ነበር፤ "ክረምቱ ይውጣና።" ስለ ግድግዳ ስትጠየቅ እንዲህ ትላለች፤ ዳግመኛ ባል ስለማግባት ስትጠየቅም እንዲህ ትላለች። እማዬ ታዲያ "የቱ ክረምት ነው ግን?" ብላ ታስቃት ነበር።

ይህ አባባሏ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። አንድ ግድግዳ በዝናብም በፀሐይም ሳይታይ ስለ እሱ መናገር ሐሰት እንደመናገር ነው ብላ ታምናለች። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር ባለ አሮጌ ቤት፣ ባለሙያዎች በግድግዳው ውስጥ ያለውን ውሃ ለመለካት ብለው ከሥዕሉ ላይ ቁራጭ ልስን ፈልፍለው ወስደው ነበር። ውሃውን አወቁት። ከሥዕሉ ላይ ግን የአንድ ሰው ዐይን ጠፋ። ይህን ስትነግረን ድምጿ ይወርድ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ሳትነካ የምትለካበትን መንገድ አጥብቃ የተማረችው።

መሣሪያዋ ሙቀትን በቀለም የምታሳይ ካሜራ ነበረች። ሞቅ ያለው ቢጫና ቀይ፣ ቀዝቃዛው ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ለእኔ ስታስረዳኝ ስለ እንስራ ጠየቀችኝ፤ በውስጡ ያለው ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ። አላወቅኩም። ውሃው በሸክላው ሆድ በኩል እየወጣ ሲተንን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው አለችኝ። እርጥብ ግድግዳም እንደዚያው ከደረቁ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ካሜራዋም ያንን ቅዝቃዜ ከሩቅ ታያለች።

እኛ አካባቢ የምትከታተለው ሥዕል ያለው ከጨፋ ሸለቆ በላይ፣ የእማዬ ዘመዶች መንደር አጠገብ ባለች ጉብታ ላይ ነው። አሮጌ ሐድራ ቤት ነው፤ ሰው ዚያራ የሚሄድበት፣ ዱዓና መንዙማ የሚደረግበት። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን እዚያ ቁርኣንና ኪታብ የተማሩ ደረሶች የውስጥ ግድግዳውን በአረንጓዴ ዛፎች፣ በፋኖሶችና በውዱእ መታጠቢያ ማንቆርቆሪያዎች አስጊጠውታል። ድንጋዩ በጭቃ የተገነባ ነው፤ ልስኑም ጭቃና ጭድ ሆኖ ላዩ ኖራ ተቀብቷል።

ይህ ግድግዳ ያልብ ነበር። በክረምት ከታች እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ይረጥባል። ሴቶቹ የሻሻቸውን ጫፍ አስደግፈው ላቡን ያብሱና ለልጅ ግንባር፣ ለታመመ ጉልበት ይወስዱታል። ጨርቁ ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ከወጣበት ደግሞ በረካው ይበልጣል ይባል ነበር። እማዬም እንዲህ ያለ ጨርቅ ነበራት፤ ከቁርኣኗ ጋር በአንድ ከረጢት ታስቀምጠዋለች።

እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ እዚያ የሄደችው ከእኛ ጋር ነው። ሴቶቹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ሲቀርቡ እሷ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ መሃል ላይ ቆመች። አንዷ "ኢሺን ሂንቱቅቱ" አለች፤ እሷ አትነካም ማለቷ ነው። ሌላዋ ዚያራን ከሚነቅፉት ወገን ሳትሆን እንደማትቀር አንሾካሾከች። እማዬ አፍራ መሬት መሬት ታይ ነበር።

የሐድራው ጠባቂ አባባ ሙሄ በዱላቸው እየተመሩ ቀረቡ።

"ልጄ፣ ትጠየፊያለሽ ወይስ ትክጃለሽ?"

"ሁለቱንም አይደለም አባባ። ብነካው ከእጄ ጋር ይሄዳል።"

ከዚያ አጠገቧ የቆመችውን ሴት ጨርቋን እንድታሳያት ለመነቻት። ጨርቁ ላይ አረንጓዴ ነበረበት። እትዬ ዘይነባ ግድግዳው ላይ ከተሣሉት ዛፎች ወደ አንዱ አመለከተች። የዛፉ የላይኛው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ሙሉ ነው። በእጅ የሚደረስበት የታችኛው ክፍል ግን ባዶ ነበር። አባባ ሙሄ ዛፉን ለረጅም ጊዜ አዩት። ሴቶቹም አዩት፤ ግን ደስ አላላቸውም። ስንወርድ ማንም አልተሰናበታትም።

ቢሆንም አባባ ሙሄ እንድትመላለስ ፈቀዱላት፤ ማንንም ላትከለክል ቃል አስገብተው። እሷም ቃሏን ጠበቀች። በክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሸለቆው ውሃ ሲተኛበት፣ በበጋ ማሽላው ሲቆረጥ፣ ጠዋትም ከሰዓትም ትሄድ ነበር። እስከ ጉብታው ግርጌ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሯ። አንድ ቀን አባባ ሙሄ ካሜራዋን በሁለት መዳፎቿ ይዛ ከግድግዳው ፊት ስትቆም አይተው ለሴቶቹ፣ ዱዓ ሲደረግም መዳፍ ይከፈታል እንጂ ምንም አይነካም፣ ይቺም እንደዚያው ናት አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ማንሾካሾኩ ቀነሰ።

ነገሩ የከረረው ሐጂ አደም ውስጡንም በሲሚንቶ ሊያስለስኑ መሆኑ በተሰማ ጊዜ ነው። ሐጂ አደም የሰንበቴ ከተማ የከብት ነጋዴ ናቸው። የቤቱን ሦስት የውጭ ግድግዳዎች ቀደም ሲል በሲሚንቶ ያስለሰኑት እሳቸው ናቸው፤ ለሟች እናታቸው ሰደቃ ጃሪያ እንዲሆን፤ ማለት ሰውየው ከሞተ በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ። አሁን የውስጡ ሥዕል ከታች መርገፍ ስለጀመረ፣ ከመውሊድ በፊት እስከ ትከሻ ድረስ በሲሚንቶ ሊሸፍኑት አሰቡ። ሽማግሌዎቹም ተስማሙ።

እትዬ ዘይነባ እንደዚያ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም። ሁልጊዜ ክረምቱ ይውጣ የምትለው ሴት አሁን የምትጠብቀው ጊዜ አጣች። ሲሚንቶው ከገባ ሥዕሉ ለዘላለም ቀረ ማለት ነው። እማዬ ከመሥሪያ ቤቷ የእግድ ደብዳቤ እንድታጽፍ መከረቻት። እሷ ግን "በደብዳቤ የታገደ ግድግዳ ሰው ሲተኛ ይለሰናል" አለችና በገበያው ቀን ሰንበቴ ለመሄድ ተነሳች። እማዬ ብቻዋን አልለቃትም አለች፤ እኔም ተከተልኩ።

ገበያው ከቆላ በመጡ አፋሮችና ከደጋ በወረዱ ነጋዴዎች፣ በግመልና በበሬ ተጨናንቆ ነበር። ሐጂ አደምን ከአንድ ወይፈን አጠገብ አገኘናቸው። አፉን ከፍተው ጥርሱን እያዩ ነበር። እትዬ ዘይነባ ሰላምታዋን አቀረበችና ስለ ሐድራው ግድግዳ ጉዳይ መምጣቷን ተናገረች። ያ ላብ ከሲሚንቶው ጋር የተያያዘ ይመስለኛል ልትላቸው ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ስትለማመደው ሰምቻታለሁ። እሳቸው ግን ቀደሟት።

"ላቡን ያመጣው ሲሚንቶው ነው" አሉ።

እትዬ ዘይነባ እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች።

"ከዚያ በፊት አያልብም ነበር" ብለው ቀጠሉ። "ሲሚንቶው በተለሰነ በመጀመሪያው ክረምት አላበው። ሰው ሁሉ መጥቶ ምን አለኝ? ሐጂ አደም፣ የእናትህ ሰደቃ ተቀባይነት አገኘ፣ ምልክቱ ይኸው አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አላለቀስኩም።"

እትዬ ዘይነባ የተለማመደችውን አንዲቷንም ቃል አልተናገረችም። ውስጡ ከመለሰኑ በፊት አንድ ጠዋት መጥተው አብረዋት እንዲያዩት ብቻ ለመነቻቸው። እሺ አሉ። በሚኒባሱ ስንመለስ እማዬ ለምን እንዳልነገረቻቸው ጠየቀቻት። "ከድጃ፣ እናቱን ከእጁ ልቀማው?" አለቻት።

በቀጠሮው ጠዋት ወሬው ተሰምቶ ስለነበር ሐድራው ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። እኔና እማዬ ከሴቶቹ ጋር በበሩ በኩል ቆምን። እትዬ ዘይነባ ማብራራት አልጀመረችም። ካሜራዋን ለሐጂ አደም ሰጠቻቸው፤ ሰማያዊው ውሃ ያለበት እንደሆነ ብቻ ነገረቻቸው። እሳቸውም ከብት እንደሚያዩ ሁሉ ቀስ ብለው እየዞሩ አዩ። በሦስቱ ግድግዳዎች ላይ ሰማያዊው እስከ ትከሻ ወጥቷል። በውጭ ሲሚንቶው የሚደርሰውም እስከዚያው ነው። አራተኛው ግድግዳ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እዚያ ሰማያዊው ከወለሉ ብዙም ከፍ አላለም።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

"እሱ ከውጭ ያልተለሰነው ነው ሐጂ። ውሃው ሁልጊዜም ከመሬት ይመጣ ነበር። ድሮ በውጭው ጭቃ በኩል እየወጣ ይደርቅ ነበር። ሲሚንቶው ያንን በር ሲዘጋበት በውስጥ በኩል፣ በሥዕሉ በኩል መውጣት ጀመረ።"

ሐጂ አደም ካሜራውን ዝቅ አደረጉ።

"ስለዚህ ሰደቃው ተቀባይነት አላገኘም ነው የምትይኝ?"

እማዬ እጄን ይዛ ጨመቀችው።

"እሱን የሚያሳይ መሣሪያ የለኝም" አለች እትዬ ዘይነባ። "እኔ የማየው ውሃውን ብቻ ነው።"

"ታዲያ ምን ላድርግለት?"

"ሲሚንቶው ይነሳና በጭቃ ይለሰን።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሐጂ አደም ፊታቸው ተለዋወጠ። ለእናታቸው ጭቃ ሊሰጡ ነው ወይ ብለው ጠየቁ፤ አላህ ሀብት የሰጣቸው ሰው ናቸው፣ እናታቸው በጭቃ ቤት ኖረው በጭቃ ቤት የሞቱ ሴት ናቸው፣ አሁን ደግሞ በስማቸው ጭቃ! ደግሞስ ጭቃው ስንት ክረምት ይቆያል?

"አንድ" አለች እትዬ ዘይነባ። እውነቱን ከመናገር ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም። "ዝናቡ ያጥበዋል። በየዓመቱ ጭድ ሲገኝ እንደገና መለሰን አለበት።"

"በየዓመቱ?"

"በየዓመቱ። ሰው እስካለ ድረስ።"

የተሸነፈች መስሎኝ ነበር። ለእናቱ የማይጠፋ ነገር ለሚፈልግ ሰው በየዓመቱ የሚታጠብ ነገር ነው ያቀረበችለት። ሐጂ አደም ወደ አራተኛው ግድግዳ ዞሩ። ከዚያ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ "የማይቋረጥ" አሉ። "ሲሚንቶውን አንድ ቀን ለስኜ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ብዬ እዚህ የመጣሁት መቼ ነው?" አባባ ሙሄን አዩዋቸው። አባባ ሙሄ "አልመጣህም" አሏቸው።

በሳምንቱ ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ሲሚንቶውን በመሮ ማንሳት ጀመሩ። እትዬ ዘይነባ በእያንዳንዱ ምት ውስጧ ሲደነግጥ ይታይ ነበር። ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ ትላለች። ከሲሚንቶው ሥር ያለው ድንጋይ በበጋ መሃል ውሃ ያንጠባጥብ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግድግዳው እየደረቀ ሲሄድ ግን ላቡም ቆመ። ዚያራ የሚመጣው ሰው ቀነሰ፤ እትዬ ዘይነባንም በረካውን አደረቀችው የሚሉ በዙ። አንድ ሐሙስ እዚያ ሳለን ከሩቅ ቀበሌ የመጣች ሴት ሕፃን አዝላ ገባች። ልጁ ትኩሳት ነበረበት። ነጭ ጨርቋን አውጥታ ግድግዳውን አበሰችው። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ተመለሰ። ሌላ ቦታ ሞከረች። ምንም የለም። አባባ ሙሄ መድረቁን ሲነግሯት እዚያው ተቀመጠችና ማልቀስ ጀመረች።

እትዬ ዘይነባ ልትሸሸግ ትችል ነበር፤ ሴትየዋ አታውቃትም። ወደ እሷ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለችና "ያደረቅኩት እኔ ነኝ" አለቻት።

ሴትየዋ አልረገመቻትም። እትዬ ዘይነባ ልጁን ከጀርባዋ ተቀብላ ጉብታውን ወረደች፤ በባጃጅ ከሚሴ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ልጁ መድኃኒት ወስዶ ተሻለው። እናትየው በኋላ ልጇን ያዳነው የሐድራው በረካ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ስትናገር እማዬ ሰምታ መጥታ ነገረቻት። እትዬ ዘይነባ አላረመቻትም። እንዲያውም የዚያን ማታ ከወትሮዋ ሞቅ ብላ ስታወራ ትዝ ይለኛል።

ሥዕሉ አለ። የጠፋው የታችኛው ቅጠል አልተመለሰም፤ እሷም እንዲመለስ ወይም ሌላ እንዲሣልበት አልፈለገችም። የቀረው ግን ቆሟል።

ከዚያ ስልክ በኋላ በመጀመሪያው የትምህርት እረፍት ወደ ቤት ስገባ ጤፉ ተወቅቶ ጭድ የሚገኝበት ጊዜ ነበር፤ የሐድራው ልስን ቀን። እኔና እማዬ ሄድን። የሐጂ አደም ልጆች ጭቃውን በእግራቸው ያቦኩ ነበር። ሐጂ አደም አርጅተው መቆም ስለከበዳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እኛን ሲያዩ እማዬን አስጠርተው ስለ ቀብሩ ጠየቋት፤ ማን እንዳጠባት፣ ማን እንደሰገደባት። ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

ሁልጊዜ ልስኑ ሊጀመር ሲል የእናታቸውን ስም ጠርተው ዱዓ ያስደርጋሉ። ሰው ሁሉ መዳፉን ከፍቶ ጠበቀ። የእናታቸውን ስም ጠሩ። ቀጥለው "ዘይነባ" አሉ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ቀና ብላ አየቻቸው።

"እስካሁን ሰደቃው የእናቴ ነበር" አሉ ሐጂ አደም። "ከዘንድሮ ጀምሮ የሁለት ሴቶች ነው።"

አሚን ተባለ። እኔና እማዬም ጫማችንን አውልቀን ጭቃው ውስጥ ገባን።